ብሩን ከመላካችሁ በፊት

ስሙኝማ አቦ፣ ውጭ ሆናችሁ ለአገር ቤት ሥራ ብር የምታዋጡ። እኔም 16 ዓመት ሰው አገር ኖሬ ነው ድሬ የተመለስኩት፤ ስለዚህ ነገሬን እንደ ወቀሳ አትዩት።

እዚያ እያለን በዋትሳፕ ተጨቃጭቀን፣ ዶላር አዋጥተን ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አሠራን። ሪባን ቆርጠን፣ ፎቶ ተነሥተን ተመለስን። በሁለተኛው ዓመት ስመጣ በሩ ላይ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። «ቁልፉ የት ሄደ?» ስለው ጥበቃው «የናንተ መስሎን እናንተን እየጠበቅን ነው» አለኝ። ያቺ «የናንተ» የምትል ቃል እስካሁን ትከነክነኛለች። ስንሠራው ማንንም አልጠየቅንማ!

የድሬ ሰው መጠየቅ አያውቅም እንዳትሉኝ ደግሞ። በቀደም እሑድ እድራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ወጪ ያነባል። «ለድንኳን ማጠቢያ» ሲል አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ድንኳኑን ያጠብነው እኛ ሴቶቹ ነን፤ በነፃ። ብሩን ማን ወሰደው?» ጸሐፊው ላብ በላብ ሆነ፤ ሙቀቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየሥልጠናው «ንቁ ዜግነት» የሚሉት ይሄንን ነው። እኚሁ እናት ግን ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት የለም ሲባሉ ዝም ብለው ይመለሳሉ። እድሩ የራሳቸው ነው፤ ጤና ጣቢያው የመንግሥት።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት፣ ኤንጂኦ የምንለው፣ ሥራው እዚህ መሀል ነው። ደህናዎቹ ዱቄት ከማደል አልፈው «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚሉትን ይሠራሉ። ነዋሪው ለብቻው ተቀምጦ ለጤና ጣቢያው ወይም ለውኃው ነጥብ ይሰጣል፤ ሠራተኞቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ይገናኙና ማን ምኑን እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ይስማማሉ። ጭቅጭቅ አለው። ነርሷ እውነት ይዛ ነዋሪው የሚያፍርበት ጊዜም አለ። ወጪው አዳራሽ፣ ወረቀት፣ ሻይና የአወያዩ ደሞዝ ነው፤ ለፎቶ አይመችም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ እኛ የማናዋጣለት።

ድሮ ብናዋጣም ችግር ነበረው። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ ውጭ የምትኖሩት የምትልኩትም «የውጭ» ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ይህን አንሥቶታል። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ይላል፤ እና የምትረዱትን ድርጅት ሒሳቡን ጠይቁት፣ አትፈሩ። ቅር የሚለው ካለ እሱን ተዉት።

አንድ ጊዜ ብዙ ከምትልኩ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሳይቋረጥ ይሁን። ደግሞ ከብሩ ጋር ትእዛዝ አትላኩ። ምን ይሠራ የሚለውን እድሩ ይጨቃጨቅበት፤ ሐረር ከሆነ እንደ እድር ያለው አፎቻ አለ። ሦስት ወር ቢፈጅ ይፍጅ፤ የኛ ቤተ መጻሕፍት በአምስት ወር አልቆ ምን ሆነ?

ስትመጡም ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ብቻ አትዋሉ። እሑድ ጠዋት የእናታችሁ እድር ስብሰባ ሂዱ። ከኋላ ወንበር ያዙና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፀሐይ ሳይበረታ ነው የሚጀመረው፤ ግን ማራገቢያ ያዙ፣ የእኚያ እናት ጥያቄ ቶሎ አያልቅም።