ንስሐ ወይስ ግምገማ? በየወሩ 30 ማታ የሚነበበው ደብተር

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ ‹በየወሩ 30 ማታ ያለፈውን ወር በእግዚአብሔር ፊት እንየው፣ በማግስቱ የምትገባውን ልደታን በንጹሕ ልብ እንቀበላት› አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። እሱ ግን ደብተር ይዞ መጣ። በወሩ ውስጥ ያጠፋሁትን በቀን በቀን ጽፎ ያነብልኛል። የየካቲቱ 11 ነጥብ ነበር፤ ልጆቹ ላይ መጮኼ፣ ለእናቱ ሳልደውል መቆየቴ፣ በሚካኤል ዕለት አለማስቀደሴ፣ ስልክ ላይ ማምሸቴ… መልስ ስሰጥ ‹ንስሐ የማይወድ ልብ› ይለኛል፤ ዝም ስል ‹ልብሽ ደንድኗል› ይለኛል። ከየካቲቱ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ተኮራርፈን ከረምን። አሁን መድኃኔዓለም (27) ካለፈ ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። ይቅርብን እንዳልል እምነቴን የተውኩ ይመስለኛል። እውነት ልቤ ደንድኖ ይሆን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሆድዎን የሚቆርጥዎት ልብዎ ስለደነደነ አይደለም። ሰውነትዎ ቀን ቆጥሮ 30ን እየጠበቀ ነው፤ ችሎት የሚቀርብ ሰው የቀጠሮው ዋዜማ እንቅልፍ እንደሚያጣው ማለት ነው። ጥያቄው እንግዲህ በቤታችሁ ውስጥ ጸሎት መሆን የነበረበት ነገር እንዴት ችሎት ሆነ የሚለው ነው።

ባለቤትዎ ያመጡት ሐሳብ መልካም ነው። የተጠቀሙበት መሣሪያ ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አይመስለኝም። በአገራችን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግምገማ ነው። ሰብሳቢ አለ፣ ነጥብ የተያዘበት ማስታወሻ አለ፣ ሂስ ይቀርባል፣ ተገምጋሚው «እቀበላለሁ» እስኪል ድረስ አይለቀቅም። ካስረዳ «ሂስ አይቀበልም» ይባላል፤ ዝም ካለ «ግለ ሂስ አላወረደም» ይባላል። «ንስሐ የማይወድ ልብ» እና «ልብሽ ደንድኗል» የሚሉት ሁለቱ ቃላት እነዚሁ ናቸው፤ የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ ሰው ትክክለኛ መልስ የለውም፤ ሆድ የሚቆርጠውም ለዚህ ነው።

በንስሐ ግን የሚናገረው ንስሐ የሚገባው ሰው ራሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ራሱ ነው። የሚሰማው የንስሐ አባት ነው፤ እሱም የሰማውን በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የታዘዘው ቀኖና ተፈጽሞ ፍትሐት (የኃጢአት ይቅርታ) ከተሰጠ በኋላ ነገሩ ያበቃል፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ አይነበብም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ለሚቀርቡት ሲጽፍ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ነው ያለው፤ ራሱን፣ ባለቤቱን አላለም። ስለ ፍቅር በጻፈው ምዕራፍ ደግሞ ፍቅር «በደልን አይቈጥርም» ይላል (1ኛ ቆሮ. 13፥5)። 11 ነጥብ በቀን በቀን ከነቀኑ መጻፍ መቁጠር ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ይህን ስል ባለቤትዎ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቤቱ ከእጁ እየወጣ የመሰለው፣ ፍርሃቱን ግን «ፈርቻለሁ» ብሎ መናገር ያልለመደ ሰው ብዙ ጊዜ ደብተር ይይዛል። ደብተሩ የሚያሳስት መሆኑን ግን አላስተዋሉም። ሰው የሌላውን ጥፋት የሚጽፈው በተናደደባት ቅጽበት ነው። ንዴቱ በማግስቱ ይበርዳል፤ ቀለሙ ግን 30 ድረስ ይቆያል። እርስዎ ልጆቹ ላይ የጮሁባት ቀን ለእርስዎ «ሌሊቱን ሙሉ ትንሹ ሲያለቅስ ያደርኩባት ቀን» ናት፤ በደብተሩ ግን «ጮኸች» ተብላ ብቻ ትቀመጣለች። ሁላችንም የራሳችንን ጥፋት በምክንያቱ፣ የሌላውን ጥፋት በጠባዩ እንተረጉማለን። በሥነ ልቦና በደንብ የታወቀ ነገር ነው። በዚያ ላይ ክፉው ከበጎው ይልቅ በአእምሮ ይጣበቃል። እርስዎ በዚያው ወር ያበሰሉት፣ ያጠቡት፣ የታገሱት በየትኛውም ገጽ አልሰፈረም።

ሰዓቱም ጠላት ሆኖባችኋል። ወር መጨረሻ፣ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም። ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ባለትዳሮችን ሲነጋገሩ እየቀረጹ ለዓመታት ያጠኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ናቸው። ከዚህ ጥናት ከወጡት ነገሮች ሁለቱ ለእናንተ ቤት በቀጥታ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ የጭቅጭቅ ንግግር እንዴት እንደሚያበቃ በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ትዳራቸው የጸና ሰዎች በሚጋጩበት ሰዓት እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ፊት አምስት ያህል በጎ ይለዋወጣሉ። በእናንተ ቤት የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ሦስት ናቸው።

የእርስዎንም ድርሻ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ዘጠኝ ቀን ኩርፊያ ዕረፍት አይደለም፤ ቅጣት ነው፤ ልጆቹም ያውቁታል። መጎዳትዎን አውቃለሁ። ነገር ግን «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው ቃል ለደብተር ያዡም ለአኩራፊውም ነው። ከዚህ በታች የምለው ልማድ ቢጀመር እንኳ ኩርፊያው ካለ አይሠራም።

ልማዱን አትተዉት፤ አፍርሳችሁ እንደገና ሥሩት። መጀመሪያ ሁለት የተቀላቀሉ ነገሮችን ለዩ። ራስን መመርመር የየብቻ ነው፣ ከዚያም ወደ ንስሐ አባት ይሄዳል። ባልና ሚስት አብረው የሚያደርጉት ሌላ ነው፤ ማመስገን፣ ይቅርታ መጠየቅና አንድ ነገር መለመን። አንዳችሁ ለሌላው የንስሐ አባት አይደላችሁም።

የየብቻው ክፍል ወር እስኪያልቅ አይጠበቅ። የ30 ቀን ኑሮ በአንድ ማታ ተጠርቶ አይመጣም፤ የሚመጣው ያለፈው ሳምንትና ትልቁ ጠብ ነው። የአገራችን ወር ደግሞ ለማስታወስ የተመቸ ነው፤ በየቀኑ ስም አለው። ለምሳሌ በ7 በሥላሴ፣ በ16 በኪዳነ ምሕረት፣ በ23 በጊዮርጊስ፣ በ29 በበዓለ ወልድ ማታ ማታ 10 ደቂቃ ለየብቻ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ወረቀት ይኑራችሁ፤ ሌላው አያነበውም። በወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍ። የመጀመሪያው ባለፉት ቀናት ሌላው ያደረገልኝ ሦስት በጎ ነገር ነው፣ ከነዝርዝሩ፤ «ጥሩ ሰው ነው» ሳይሆን «ማክሰኞ ሌሊት ልጁን ተነሥቶ አባበለ»። ሁለተኛው እኔ ራሴ ያጠፋሁት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ» በሚል ቃል ይጀምራል፣ የሌላው ስም አይገባበትም። «እሷ ስላናደደችኝ ጮኽኩ» ከተጻፈ ተሰርዞ «ጮኽኩ» ይባል። ይህች ትንሽ ስረዛ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ምክንያቱም ሰበብ ስትቀነስ ጥፋቱ ብቻውን ይቀራል፤ ያኔ ነው ንስሐ አባት ፊት የሚቀርብ ነገር የሚገኘው።

አብሮ መቀመጡን ከ30 ማታ አውጡት። ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ፣ ልጆቹ አክስት ወይም ጎረቤት ዘንድ ሳሉ ይሁን። በዐቢይ ጾምም ቢሆን ሰንበት እስከ 9 ሰዓት ተጹሞ አይዋልምና የራበው ሰው አይኖርም። ልደታን በንጹሕ ልብ መቀበል ለፈለገ፣ የ29ኙ የብቻ ምርመራ ይበቃዋል። ጠቅላላው ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ ሰዓት ይሞላ። አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ ጀምሩ። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ምስጋና፤ እያንዳንዱ ከወረቀቱ አምስት በጎ ነገር ለሌላው ያነባል። ይህን «ለወጉ ነው» ብላችሁ እንዳትዘሉት፤ ቀሪው ንግግር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ወስዶ ከራሱ ጥፋት አንዱን ይናገራል። የሚሰማው አያርምም፣ አይጨምርም፤ «ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ»፣ «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ» ብቻ ይላል። ባለቤትዎ የሚጀምሩት ቢሆን ይሻላል፤ እስከ ዛሬ ስለ ራሳቸው ተናግረው አያውቁምና።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ልመና፣ አንድ ብቻ። ወቀሳ ወደ ልመና ይቀየር። «ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነሽ» የሚለው «ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሁለታችንም ስልካችንን ሳሎን እንተወው» ይሁን። «እናቴን ረስተሻታል» የሚለው «ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንደውልላት» ይሁን። ልመና ሊደረግና ላይደረግ የሚችል፣ ቀን ያለው ነገር ነው፤ «ተለወጪ» ልመና አይደለም። ሌላው እሺም፣ በከፊል እሺም፣ አልችልም ማለትም ይችላል። የተስማማችሁበትን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ በሚቀጥለው ወር የሚታየው ይህ መስመር ብቻ ነው። የቤት ኪራይ፣ እቁብ፣ እድር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ ሰዓት አይነሡ። ለእነሱ ሌላ ቀን ስጧቸው፤ ገንዘብ ከገባ ሁሉን ይውጠዋል።

የት እንደሚበላሽም ልንገርዎ። አንደኛ «ይቅርታ፣ ግን አንቺም…» የሚለው ነው፤ «ግን» ከመጣ ይቅርታው ተመልሷል። ያኔ «‹ግን› የምትለዋን ለልመናው ሰዓት እናቆያት» ይባል። ሁለተኛው ጸሎትን የነገር መላኪያ ማድረግ ነው፤ «ጌታ ሆይ የባለቤቴን ምላስ ግታልኝ» ብሎ ጮክ ብሎ መጸለይ ጸሎት ሳይሆን ወቀሳ ነው። በዚህ ሰዓት የሚጸለየው የታወቀው ጸሎት ብቻ ቢሆን ይሻላል። ሦስተኛው መሸሽ ነው፤ ነገሩ ሲከር «ዳዊት ልድገም» ብሎ መውጣት፣ ወይም እንደ እርስዎ መዘጋት።

ልብ ሲመታ፣ ድምፅ ሲወጣ ወይም ጆሮ ሲደፈን ግን ማቋረጥ ተገቢ ነው። በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው የሚሰማውን በትክክል አይሰማም፤ ሰውነቱ ለመብረድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ልዩነቱ መመለሻው መነገሩ ላይ ነው፤ «ልቤ እየመታ ነው፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ» ብሎ መነሣት። በዚያ 20 ደቂቃ ክርክሩን በልብ መደጋገም ንዴቱን መልሶ ያነድደዋል፤ ዕቃ ይጠብ፣ ግቢ ይጠረግ።

ለባለቤትዎ የሚነግሩበት ቀን 30 አይሁን፤ ተራ ቀን፣ እየሄዳችሁ ወይም ቡና ላይ ይሁን። እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ወሩን በእግዚአብሔር ፊት ማየታችንን እወደዋለሁ፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ደብተሩ ሲነበብ ግን እፈራለሁ፣ ሆዴም ይቆርጠኛል። ባለፈው ዘጠኝ ቀን በማኩረፌ ይቅር በለኝ። ለሁለት ወር በሌላ መንገድ እንሞክረው?» ሁለት ወር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ለዘለዓለም የተጠየቀ ሰው ይከራከራል፣ ለሙከራ የተጠየቀ ግን ይሞክራል። እምቢ ካሉ የሁለታችሁንም የንስሐ አባት ያማክሩ። ሲያማክሩም «ባሌ እንዲህ አደረገኝ» ብለው ከመክሰስ «አብረን ወር ለማየት ሞክረን ከበደን፣ እንዴት እናድርግ?» ብለው ሁለታችሁም ባላችሁበት ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቤቱ ውስጥ ፍርሃት የሌላ ነገር ምልክት ካልሆነ ነው። ባለቤትዎ የሚመቱዎት፣ የሚያስፈራሩዎት፣ ከቤተሰብዎ የሚለዩዎት ወይም ገንዘብና ስልክ የሚከለክሉዎት ከሆነ የ40 ደቂቃውን ንግግር አይጀምሩ፤ ጥፋትዎን እዚያ መናገር ለሌላ ዱላ መሣሪያ መስጠት ነው። በቅድሚያ ለሚያምኑት ዘመድና ለባለሙያ ይናገሩ። በሌላ በኩል፣ አንዴ ፍትሐት ያገኙበትን ኃጢአት ደጋግመው የሚናዘዙ፣ በየቀኑ ሰዓታት «ልቤ ደንድኖ ይሆን» እያሉ ራስዎን የሚመረምሩ፣ እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ የተቃወሰብዎት ከሆነ፣ ይህ የንስሐ ማነስ ሳይሆን ሕክምና ያለው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ንስሐ አባትዎን ሳይተዉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ አገልግሎቱ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም አለ። የሆድዎንም ቁርጠት በሐኪም ያሳዩ፤ ጭንቀት ነው ብዬ ብገምትም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

የአራቱን ወር ደብተር በተመለከተ፣ በንዴት አይቅደዱት፤ እሳቸው ሳያውቁም አይደብቁት። የመጀመሪያው የእሑድ ንግግር በሰላም ካለቀ በኋላ «ይህን ምን እናድርገው?» ብለው ይጠይቁ፤ ይቀደድ ከተባለም ቀዳጁ እሳቸው ይሁኑ።