በሕግ የተገደዱ የመኪና መሣሪያዎች ወጪ የሚታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው

«በሕግ የተገደዱት የደኅንነት መሣሪያዎች የመኪናን ዋጋ ከማናርና ብልሽት ከማብዛት ያለፈ ጥቅም አላቸው ወይ? ቀለል ያለ አሮጌ መኪና ብገዛ አይሻለኝም?» ለሚለው የወንድማችን ጥያቄ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ በቆየሁባቸው ሃያ ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። በእኔ እምነት አብዛኞቹ ዋጋቸውን ያወጣሉ። የሚያሳስበኝ ግን መኪናው አሥር ዓመት አልፎት ሦስተኛው ባለቤት እጅ ሲደርስ የሚመጣው ወጪ ነው፤ ሕጉ መሣሪያው እንዲገጠም ያስገድዳል እንጂ በቀላሉ እንዲጠገን አያስገድድም።

በደኅንነት ቀበቶ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት ቦታ የሚያዘውን ቀበቶ ሲያወጣ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ጥያቄው የሚከብደው ሽቦና ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ነው።

ከእነዚህ መካከል ያለ ማመንታት የምደግፈው ኢኤስሲ ወይም ኢኤስፒ የሚባለውን የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ነው። መኪናው ኩርባ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒውተሩ መሪው የተጠመዘዘበትን አቅጣጫ መኪናው በተግባር ከሚዞርበት ጋር ያነጻጽርና ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፤ አሽከርካሪው የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው በአንድ ፔዳል ይህን ማድረግ አይችልም። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርገውታል። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን የኤቢኤስን ፓምፕና የጎማ ፍጥነት ሴንሰሮች (መለኪያዎች) ስለሚጋራ የሚጨምረው ዕቃም ጥቂት ነው።

ብልሽቱስ? አንድ ደንበኛ የኤቢኤስና የኢኤስሲ መብራት አብሮ በርቶበት፣ ሌላ ጋራዥ ፓምፑ ከነኮምፒውተሩ ይቀየር ብሎት ወደ እኔ መጣ። የኋላውን ግራ ጎማ ፈትቼ ሴንሰሩን ሳወጣው፣ ማግኔት የሆነው ጫፉ ከፍሬን በተፋቀ የብረት ብናኝ እንደ ጢም ተሸፍኖ ነበር፤ በጨርቅ ጠርጌ መለስኩት፣ ጥቂት ስንነዳውም መብራቱ ጠፋ። ደንበኛውን ለኪሳራ ሊዳርገው የነበረው ብልሽቱን አንብቦ የሚነግር ሰው ማጣቱ ነው። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ያስገደደችው ኦቢዲ ቱ የተባለው፣ መኪናው ብልሽቱን በኮድ የሚናገርበት ሥርዓት በማንኛውም ስካነር (ኮድ ማንበቢያ) እንዲነበብ የሚያደርገው ከጭስ ብክለት ጋር የተያያዘውን ብልሽት ነው፤ የኤቢኤስና የኤርባግ (ግጭት ሲደርስ የሚነፋው የአየር ከረጢት) ኮዶች በየአምራቹ ቋንቋ ቀርተዋል። ሕይወት ለማዳን ተብሎ የተገደደ መሣሪያ ብልሽቱን ለማንኛውም ሜካኒክ የማይናገርበት ምክንያት ዛሬም አይገባኝም።

የዚህ መዘዝ በግልጽ የሚታየው ኤርባግ ላይ ነው። የኤርባግ መብራት በርቶበት በመጣ አንድ ያገለገለ መኪና የሾፌሩን ወንበር አንሥቼ ስመለከት፣ ከሥሩ ያለው ቢጫ ሶኬት ተቆርጦ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሬዚስተር የሚባል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ ተበይዷል። ኮምፒውተሩ የጎን ኤርባጉ በቦታው ያለ እንዲመስለው ተደርጎ ነበር፤ ኤርባጉ ግን ቀድሞ ፈንድቶ አልተተካም። ብየዳው በእርጥበት ባይላቀቅ ኖሮ መብራቱም አይበራም፤ ገዢው ቤተሰቡን በዚያ መኪና እያመላለሰ ይኖር ነበር። መተኪያው ከመኪናው ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ሲሆን ሰው ወደ ማታለል ይሄዳል፤ የመሣሪያው ወጪ ሲሰላ ይህም መቆጠር አለበት።

የጎማ ነፋስ መቆጣጠሪያ ደግሞ አንዱ ግዴታ በሁለት መንገድ ሊሟላ እንደሚችል ያሳያል። አንደኛው በየጎማው ውስጥ ሴንሰር ያስቀምጣል፤ ባትሪው የታሸገ ስለሆነ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ሠርቶ ሲያልቅ ሴንሰሩ ራሱ ይቀየራል። ሁለተኛው በኤቢኤስ ሴንሰሮች ተጠቅሞ ነፋሱ የጎደለው ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ መሽከርከሩን ይለያል፤ ትክክለኛነቱ ያንሳል፣ የሚሞት ባትሪ ግን የለውም። እኔ ብሆን ለአሮጌ መኪና ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ከሆኑት መካከል ከፊት ያለ እንቅፋት ሲያይ በራሱ ፍሬን የሚይዘውን እደግፋለሁ። ከፍጥነት ወሰን ሲያልፉ የሚያስጠነቅቀው ግን የመንገድ ምልክት አሳስቶ ሲያነብ ሰውን ያሰለቻል፤ ቢያጠፉትም ሞተር በተነሣ ቁጥር ይመለሳል፤ የሰለቸ አሽከርካሪ ደግሞ የሚጠቅመውንም ማስጠንቀቂያ መስማት ይተዋል። የእነዚህ መሣሪያዎች ካሜራ የሚቀመጠው የፊት መስታወት ላይ በመሆኑ፣ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው ካልተስተካከለ ርቀትን አሳስቶ ሊያነብ ይችላል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አሮጌ መኪና መግዛትዎን አልቃወምም፤ ኢኤስሲ የሌለውን ግን አይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ፤ የኤርባግና የኤቢኤስ መብራቶች በርተው፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ የማይበራ መብራት በርቶ ከሚቀረው ይበልጥ ያስጠርጥርዎ፤ ሬዚስተር ግን መብራቱን ደኅና ሊያስመስለው ስለሚችል፣ መብራቱ እንደ ደንቡ ቢጠፋም ወንበሩን አስነሥተው ቢጫውን ሶኬት ያስፈትሹ።