ከአየር ጠመንጃ ወደ ሾትጋን፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምተኩሰው በአየር ጠመንጃ ነው። ወረቀትና ጣሳ ላይ እጄ አይስትም። አሁን ግን የሚበር የሸክላ ኢላማ መምታት አምሮኛል፤ የሾትጋን (ብዙ የእርሳስ ፍሬ በአንድ ጊዜ የሚተኩስ ጠመንጃ) ፈቃድ ላወጣም ወስኛለሁ። አንድ ጓደኛዬ “ፈቃዱ እስኪወጣ የኔን ቤትህ ወስደህ ተለማመድበት” ይለኛል። ቤት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ኢላማ ስለማውቅ ብዙ የምቸገር አይመስለኝም። ለጀማሪ 12 ጌጅ ይሻላል ወይስ ትንሹ 410? የአየር ጠመንጃዬንስ ልሽጠው?
ደ.

መልስ፦ ወንድሜ ደ.፣ ከጓደኛህ ልጀምር። አይሆንም በለው። በቅንነት እንደሚልህ አልጠራጠርም። ግን ፈቃዱ የሱ እንጂ ያንተ አይደለም። ጠመንጃው አንተ ቤት ከተገኘ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ፤ ያንተ ማመልከቻም ገና ሳይታይ ይበላሻል። ለመለማመድ ሌላ መንገድ አለ። በበርካታ አገሮች ፈቃድ የሌለው ሰው በክለብ ሜዳ፣ አሰልጣኝ አጠገቡ ቆሞ፣ በክለቡ ጠመንጃ መተኮስ ይችላል። ያንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ክለቡን ጠይቅና እዚያው ጀምር።

የአየር ጠመንጃ በብዙ ቦታ፣ ጉልበቱ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ሾትጋን ላይ ግን ያለፈ ታሪክህ ይጣራል፣ ጤናህ ይጠየቃል፣ ለምን እንደፈለግከውና የት እንደምታስቀምጠው ይታያል። ሰው በዚህ ሲማረር እሰማለሁ። እኔ ግን ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው ባይ ነኝ። በተለይ የማስቀመጫው ነገር። ልጆች አሉኝ ብለሃል። ስለዚህ ከጠመንጃው በፊት ካዝናውን ግዛ። ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ካዝና ይሁን። ጥይቱን ለብቻው ቆልፍበት። ቁልፉ ያለበትን ከአንተ በቀር ማንም አይወቅ፤ ባለቤትህም ጭምር። በብዙ አገር ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ቁልፉን ካገኘ ጠመንጃውን እንዳገኘ ይቆጠራል።

አሁን “ብዙ አልቸገርም” ወዳልከው ልምጣ። ሜዳ ላይ ጀማሪ ሳሰለጥን ከሁሉም የሚያስቸግሩኝ ጎበዝ የአየር ጠመንጃ ተኳሾች ናቸው። በአየር ጠመንጃ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ አንድ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ማነጣጠሪያውን ኢላማው ላይ ታሳርፋለህ፣ ቃታውን ቀስ ብለህ ትስባለህ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ የምትልከው ግማሽ ግራም የምትሆን አንዲት እርሳስ ናት፣ ኢላማውም ቆሞ ይጠብቅሃል። ሾትጋን ላይ ግን 24 ግራም እርሳስ በያዘ አንድ ጥይት ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ፍሬዎች አሉ። ኢላማውም እየሄደ ነው።

ስንት እንደሚሄድ አስበው። በሰከንድ 20 ሜትር የሚበር ሸክላ 30 ሜትር ርቀት ላይ በፊትህ ያቋርጣል እንበል። ፍሬዎቹ እዚያ እስኪደርሱ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚያች ቅጽበት ሸክላው ወደ 2 ሜትር ሄዷል። ስለዚህ እሱ ላይ አነጣጥረህ ከተኮስክ ሁልጊዜ ከኋላው ትስታለህ። ከፊቱ ነው መተኮስ ያለብህ፤ ያውም ጠመንጃው እየተንቀሳቀሰ። ጎበዞቹ የአየር ጠመንጃ ተኳሾች እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። ዓይናቸውን ከሸክላው ነቅለው ወደ አፈሙዙ ጫፍ ይመልሱና “ልክ ነኝ?” ይላሉ። ይህን ጊዜ እጃቸው ቀጥ ይላል፤ ሸክላው ያልፋል። አንተ ዓይንህን ከሸክላው አትንቀል። አፈሙዙን ከኋላው አስነሳ፣ አስከትል፣ እለፈው፣ ተኩስ፤ ከተኮስክም በኋላ እጅህ አይቁም።

ሁለቱም ዓይንህ ክፍት መሆን ስላለበት የትኛው መሪ እንደሆነ ዛሬውኑ እወቅ። እጆችህን ዘርግተህ በጣቶችህ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ስራ። በሁለት ዓይንህ በቀዳዳው ራቅ ያለ ነገር እይ። ከዚያ ግራ ዓይንህን ጨፍን። ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ መሪው ቀኝ ዓይንህ ነው። በቀኝ ትከሻ እየተኮስክ መሪ ዓይንህ ግራው ከሆነ ለአሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ንገረው። በመነጽርህ የግራ መስታወት ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ብቻ ብዙ ሰው አድኗል።

ስለ መጠኑ፣ በ410 አትጀምር። ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። 410 ግን በጌጅ አይቆጠርም፤ ከ12ም ከ20 ጌጅም የጠበበ ነው። ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል ይባላል። በተቃራኒው ነው፤ ፍሬው ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ስትስት ሁሉን ትስታለህ፣ ጀማሪም ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ነው። ከበድ ያለ 12 ጌጅ፣ በ21 ወይም በ24 ግራም ጥይት፣ ትከሻ አይጎዳም። ጠመንጃው ሲከብድ ምቱ ይለዝባል። ትራፕና ስኪት በሚባሉት የኦሎምፒክ የሸክላ ኢላማ ውድድሮች የሚፈቀደውም እስከ 24 ግራም ነው፤ ስለዚህ አነሰ አትበል። ከጥይቱ ይልቅ የሰደፉ ርዝመት ላንተ መስማማቱ ያስጨንቅህ። አሰልጣኝ ሳያይልህ ገንዘብህን አታውጣ። ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ አንዱ ካንዱ በላይ የሆነውን እመርጥልሃለሁ፤ ሲከፈት ባዶ መሆኑ ለማንም ይታያል። የጆሮ መከላከያም ያስፈልግሃል። የአየር ጠመንጃ ድምፅ አልጎዳህ ይሆናል፤ ይህ ግን ያደነቁራል።

የአየር ጠመንጃህን አትሽጠው። ቃታ አሳሳብህን ሳታበላሽ ያቆይሃል። ካዝናው ሲመጣ ግን እሱም እዚያው ይግባ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። የ20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ አይቆምም፤ ወደ ፊት ይንሸራተትና አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ስትከፍተው ባዶ ይመስልሃል። የ12ቱን አጉርሰህ ከተኮስክ አፈሙዙ እጅህ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሚሆነው ለዚሁ ነው። የሌላ ሰው ጥይት ኪስህ አታስገባ። ቃታ ስበህ ጥይቱ ካልተኮሰ ወይም ድምፁ ለየት ካለብህ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞርክ ቆይ፣ ከዚያ ከፍተህ ጥይቱን አውጣ፣ ሌላ ከማጉረስህ በፊትም ከኋላ በኩል አፈሙዙን አሻግረህ እይ። ብርሃን ካልታየህ አሰልጣኙን ጥራ።