ፓራኦሊ ተቀይሮለት አሁንም የሚያንጠባጥብ ዲፈረንሻል

ጥያቄ፦ አሮጌ መኪናዬ ዲፈረንሻሉ ከትራስሚሽኑ (ከካምቢዮ ኃይል ከሚያመጣው ረጅም ዘንግ) ጋር በሚታሰርበት በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። ፓራኦሊውን (የዘይት ማገጃ ቀለበቱን) አስቀይሬ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ጀመረው። አሁን ራሴ ልፈታው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት መተንፈሻውን ይመልከቱ። አክስሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነች፣ ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ የታፈነው አየር ዘይቱን በፓራኦሊው በኩል እየገፋ ያወጣዋል። አዲስ ቢያስገቡም ያው ነው።

መተንፈሻው ደህና ከሆነ መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ የኋላ ጎማዎቹንና የፍሬን ታምቡሮቹን ያውልቁ፤ ትራስሚሽኑን ምልክት አድርገው ይፍቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ፣ የፒኞኑ (ትራስሚሽኑ የሚያዞረው ባለጥርስ ዘንግ) ዳዶ ላይ ነው። በብዙ ዲፈረንሻሎች በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል፣ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ የሚያጥር ስፔሰር (ማራራቂያ ቱቦ) አለ። ዳዶውን ከነበረበት አሳልፈው ካጠበቁት ኩሽኔታዎቹ ታንቀው ይግላሉ፤ መልሶ ማላላትም አያድነውም፣ አዲስ ስፔሰር ይፈልጋል። ዳዶው ላልቶ ከቀረ ደግሞ ፒኞኑ ይጫወታል፣ ዲፈረንሻሉ ይጮሃል፣ አዲሱም ፓራኦሊ ይበላል። ስለዚህ ዳዶውን፣ የፒኞኑን ጫፍና ፍላንጁን (ትራስሚሽኑ የሚታሰርበትን) በፑንቶ (በመዶሻ በሚመታ ሹል ብረት) ምልክት ያድርጉባቸው። ሳይፈቱ ፍላንጁ ላይ ክር ጠምጥመው በስፕሪንግ ሚዛን ቀስ ብለው ይሳቡና፣ እየዞረ ሳለ ያነበቡትን ይጻፉ። ሲገጥሙ ምልክቱ እስኪገጥም ጥቂት በጥቂት እያጠበቁ ያንኑ ንባብ ይፈልጉ፤ አዲስ ፓራኦሊ ትንሽ ስለሚይዝ በመጠኑ ቢበልጥ አይስጉ። ስፔሰሩ የማይጨፈለቅ ዓይነት ከሆነ ግን በመመሪያው ልክ በቶርክ ሬንች ያጥብቁ።

የእርስዎ ቶሎ መመለሱ ግን ፍላንጁን ያስጠረጥራል። ፓራኦሊው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ የትኛውም ፓራኦሊ አይቆምም። ቀጭን የብረት ሽፋን ያልብሱት ወይም ፍላንጁን ይቀይሩ። ፍላንጁ ፒኞኑ ላይ በሚገባበት ጥርስ በኩልም ዘይት ሾልኮ በዳዶው ስር ይወጣል፤ ለዚህ ጥርሱንና ሮንዴላውን በስሱ ማሸጊያ ይቀቧቸው።

ፓራኦሊውን ስፕሪንጉን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ከንፈሩን ግራሶ ቀብተው፣ ዳር ዳሩን ብቻ በሚነካ ቱቦ እኩል እየመቱ ያስገቡ። ዘይቱን መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ብቻ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ፓራኦሊ የቆዳ ነው። በደረቁ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ቆዳው እስኪለሰልስ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ይንከሩት፤ ደረቅ ቆዳ ዘንጉ ላይ ይቃጠላል። በልኩ የጎማ ከተገኘ ግን እሱን ይምረጡ።