ማረፍ ስንፍና ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሑድ አስቀድሼ ስመለስ ከሳምንቱ የቀረውን ሥራ ቤቴ ሆኜ እጨርሳለሁ። የዓመት ፈቃዴን ሳልወስድ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ሥራ ትቼ ስቀመጥ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ሐዋርያውስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ የለ? ማረፍ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይታያል? ሥርዓትስ አለው?

መልስ፦ ማረፍ ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚያስወቅሰው መተዉ ነው። የጠቀሱት ቃል (2ኛ ተሰ 3፥10) የተነገረው ለመሥራት ፈቃድ ለሌለው ሰው ነው። በተሰሎንቄ ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ የሚገቡ እንደነበሩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግረናል። የእርስዎ ሕመም የእነርሱ አይደለም፤ መድኃኒታቸውን ለራስዎ አይውሰዱ።

«ያረፈ ሰነፍ ነው» የሚለው ወቀሳ በመጽሐፍ ቅዱስ ከማን አፍ እንደወጣ ልብ ይበሉ። እስራኤል «ሄደን ለአምላካችን እንሠዋ» ባሉ ጊዜ ሰነፎች ናችሁ ያላቸው ፈርዖን ነው (ዘጸ 5፥17)። ገለባውን ከለከላቸው፣ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰላቸውም። ኋላ ሙሴ ሕጉን ደግሞ ሲነግራቸው የሰንበትን ምክንያት ከዚያ ኑሮ ጋር አያያዘው፦ በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ፣ ስለዚህም ዕረፍ (ዘዳ 5፥15)። በዘጸአት 20፥11 ደግሞ ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዐርፏልና። የማያርፍ ሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ይዘነጋል፦ ዓለሙን የሚሸከመው ሌላ መሆኑን፣ እርሱም ከባርነት የወጣ መሆኑን።

ሥርዓቱን ከመና ታሪክ እንማር (ዘጸ 16)። በየቀኑ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር ይሰበሰብ ነበር፤ ጎሞር በዚያ ዘመን የነበረ መስፈሪያ ነው። በስድስተኛው ቀን ግን ለአንድ ሰው ሁለት ጎሞር ሰበሰቡ። በሌላ ቀን ያሳደሩት ይተላና ይሸት ነበር፣ ለሰንበት ያሳደሩት አልሸተተም። በሰባተኛው ቀን ሊሰበስቡ የወጡትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚህ እንደምናየው የዕረፍት ቀን የሚሠራው በዋዜማው ነው። እሑድ ከሰዓት ሥራ የሚያስከፍትዎ አብዛኛውን ጊዜ የእሑድ ጉዳይ አይደለም፤ ዓርብ መልስ ያላገኘ፣ ቅዳሜ ያልተቋጨ ነገር ነው።

ስለዚህ ከዓርብ ይጀምሩ። ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ለይተው ያልተጠናቀቀውን ሁሉ በወረቀት ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚያነሡት ያስፍሩ። ያልተጻፈ ሥራ በቅዳሴ መካከል እንኳ እየመጣ ልብ ይሰርቃል፤ ቀጠሮ የተያዘለት ግን ጸጥ ይላል። የቤቱን ጣጣ፣ ልብስ ማጠቡንና ግዢውን ቅዳሜ ይጨርሱ። በቤተ ክርስቲያን ዕለት የሚጀምረው ከምሽት ነውና ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ይዘጋ። የመሥሪያ ቤቱ መልእክት የሚገባበትን ስልክ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ በሌላ ክፍል ይደር። አንዲት መልእክት ለማየት አንድ ደቂቃ ትበቃለች፣ ካዩዋት በኋላ የሚቀረው ሐሳብ ግን ቀኑን ሙሉ ይከተልዎታል። ብዙ ምእመናን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ እጃቸው ዐርፎ ልባቸው ቢሮ ይውላል።

«ዓመቱ ሲዘጋ ግን ሥራ ይበዛብኛል» ሊሉኝ ይችላሉ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ321 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዳኞችና የከተማ ባለሙያዎች እሑድ እንዲያርፉ ሲያዝ ገበሬዎቹን ግን ለቋቸው ነበር፤ የመዝሪያው ወቅት እንዳያልፍባቸው። ኦሪት ግን በእርሻና በአጨዳ ወራትም ዕረፍ ትላለች (ዘጸ 34፥21)። እኔ የኦሪቱ ቃል ይበልጥብኛል። ሥራ ሲበዛ ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ቁጥር ይሳሳታል፣ ያንን ስሕተት ፈልጎ ለማረም ደግሞ ሌላ ቀን ይሄዳል። ይህን ከሒሳብ ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ዓመት ፈቃድዎ፦ ይውሰዱት። ጌታ ሐዋርያቱ ከተላኩበት ሲመለሱ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና «እናንተ ራሳችሁ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ» አላቸው (ማር 6፥31)። የተከለከለ ነገር እየሠሩ አልነበሩም፤ ወንጌል ሰብከው ነው የደከሙት። የሚቻል ከሆነ ፈቃዱን በአንድ ቀን በአንድ ቀን አይቆራርሱት፤ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሐሳብ ከሥራው እስኪላቀቅ ያልፋሉና ቢያንስ አንድ ሳምንት ተከታታይ ይሁን። ከመውጣትዎ አምስት ቀን አስቀድመው ሥራውን ለተተኪዎ በጽሑፍ ያስረክቡ፦ ምን ደርሷል፣ ምን ይጠበቃል፣ ማን ይፈርማል። ርክክብ ሳያደርግ የወጣ ሰው በስልክ ሲሠራ ይከርማል።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም (1ኛ ነገ 19)። አስተኛው፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ እንደገና ተኛ፣ እንደገናም በላ። አርባ ቀን የተጓዘውና በኮሬብ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሎት የከበደዎት፣ በትንሹ የሚቆጡ ከሆነ ኃጢአትን ብቻ አይመርምሩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኙም ይቁጠሩ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም ያስፈልጋል።

ዕረፍት ግን ቀኑን በአልጋ ማሳለፍ ነው አልልዎትም። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ለቤተሰብ፣ ለታመመ ጥየቃ፣ ለንባብ ይሁን። የበጎ አድራጎት ሥራ በሰንበት አይከለከልም፤ ጌታ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠችውን ሴት በሰንበት ፈውሷታል (ሉቃ 13)። ሐኪሞችና የሌሊት ጠባቂዎች ተራቸው በእሑድ ቢውል በደል የለባቸውም፣ ሌላ ቀን ግን ለይተው ይረፉ። ከእርስዎ በታች የሚሠሩ ካሉ ደግሞ ትእዛዙ «እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ይላቸዋልና (ዘዳ 5፥14) እሑድ ሥራ አይላኩላቸው፤ የጻፉትንም ቢሆን ለሰኞ ጠዋት ያቆዩት።

ዕረፍትዎ በድንገተኛ ነገር ቢፈርስ አይረበሹ። በዚያው በማርቆስ ምዕራፍ 6 ሕዝቡ ቀድመዋቸው ሲጠብቁ ጌታ አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፣ አበላቸውም። ያ ሲያልቅ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሰደደ፣ ሕዝቡን አሰናበተ፣ ብቻውንም ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ (ቁ 45–46)። እርስዎም የተወሰደብዎትን ግማሽ ቀን በዚያው ሳምንት ይተኩ። አለቃዎ በየሳምንቱ እሑድ የሚያስገድድዎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ለንስሐ አባትዎ ነግረው ምክራቸውን ይቀበሉ።