ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ለቀረው ቦርሳ

ወንድሜ፣ ትናንት ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ቦርሳህን ረስተህ «መፈለግ ዋጋ አለው?» ብለሃል። አለው! ዛሬውኑ ወደ ታክሲ ተራው ሂድ። ታክሲዎቹ በታፔላ፣ ማለትም በተመደበላቸው መስመር፣ ስለሚሠሩ ያው መኪና ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቅ፤ ሾፌሩንም ረዳቱንም ያውቋቸዋል።

እኔ አምና እዚያው መስመር ላይ 6,000 ብር ከነመታወቂያዬ ጥዬ ነበር። የቤት ኪራይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ረዳቱ፣ ገና ልጅ እኮ ነው፣ ከሩቅ አይቶኝ «እናቴ፣ ከንጋት ጀምሮ አንቺን ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ከብሩ አንድም አልጎደለም። ለሻይ ልስጥህ ስለው እምቢ አለ። እስካሁን ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ስትጠይቅ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ዘርዝረህ ተናገር። ካጣኸው ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግብ።