«እውነተኛ ፖለቲካ» ወይስ «ሪያልፖለቲክ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጀርመናዊው መሪ ስለ ቢስማርክ በተረጎምሁት ጽሑፍ ውስጥ «እውነተኛ ፖለቲካ» ብዬ ነበር። አርታኢው ሰርዞ «ሪያል ፖለቲክ» አደረገው። የማንኛችን ልክ ነው?

መልስ፦ አርታኢው መሰረዙ ልክ ነው፤ የተካው ቃል አጻጻፍ ግን ይታረማል። ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ በመርሕና በምኞት ሳይሆን በኃይልና በጥቅም ሚዛን የሚመራ ፖለቲካ ማለት ነው።

«‹ሪያል› ማለት እውነተኛ ነው፤ ምን ያከራክራል?» የሚሉ አሉ። ያከራክራል እንጂ! «እውነተኛ» በአማርኛ የማይዋሽ ነው፦ እውነተኛ ዳኛ፣ እውነተኛ ምስክር። ቢስማርክ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1870 ከኤታማዦር ሹሙ ከሞልትከና ከጦር ሚኒስትሩ ከሮን ጋር እራት ላይ ሳለ ከፕሩሲያው ንጉሥ ዘንድ፣ ከኤምስ ከተማ፣ ቴሌግራም ደረሰው። የለዘበውን ቃል ሁሉ ቆርጦ፣ ንጉሡ የፈረንሳይን አምባሳደር ፊት የነሡ አስመስሎ ለጋዜጦች ሰጠው። ፈረንሳይ በስድስተኛው ቀን ጦርነት አወጀች። ይህን ሥራ «እውነተኛ» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

በዚያው ቴሌግራም ላይ የእርስዎን የመሰለ የትርጉም ስሕተት ተፈጽሟል። ንጉሡ መልሳቸውን ያስነገሩት በ«አድዩታንት» ነው ይላል ጀርመንኛው፤ ይህ ከንጉሥ የማይለይ ከፍተኛ መኮንን ነው። ፈረንሳይኛው ቃሉን በመልኩ ወስዶ «አድጁዳን» አለው፤ በፈረንሳይ ጦር ይህ የበታች ሹም ማዕረግ ነው። አንባቢው አምባሳደሩ በበታች ሹም የተመለሰ መሰለው።

«ሪያልፖለቲክ» የሚለውን ቃል ቢስማርክ አልፈጠረውም። ሉድቪግ ፎን ሮካው የተባለ ሊበራል ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. የ1848ቱ የጀርመን አብዮት ከከሸፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ለመጽሐፉ ርዕስ ያወጣው ነው፤ መብት ኃይል ካልደገፈው እንደማይቆም ለወገኖቹ ሊያስረዳ። ሥሩ የላቲኑ «ሬስ» ነው፤ ትርጉሙ «ነገር»። እንደኛው «ነገር» ሁሉ «ሬስ»ም ቁስን ብቻ ሳይሆን የችሎት ሙግትንም ይጠራል። ይህ ዝምድና ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሆኖም «የነገር ፖለቲካ» ብንል አንባቢ «ነገረኛ» ብሎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አይሆንም።

«ተጨባጭ ፖለቲካ» በትርጉም ይቀርባል። «ጨበጠ» ጠንካራ ግሥ ነው፤ ግን በየስብሰባው «ተጨባጭ ሁኔታ» እየተባለ ነጥፎብናል። እኔ የምወደው «የገሃድ ፖለቲካ»ን ነው፤ «ገሃዱ ዓለም» እንደምንለው። «ገሃድ» የአደባባይ ማለትም ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ከሩሲያ ጋር በምስጢር ለተዋዋለው ለቢስማርክ እንደማይስማማ አውቃለሁ። ቢሆንም ጆሮዬ ከዚህ የተሻለ አላገኘም።

አልክድም፣ ጋዜጠኛውም መምህሩም «ሪያልፖለቲክ»ን ለምደውታል፤ ልማዱን አልመልሰውም። እንግዲያው ገጥመው ይጻፉት። በጀርመንኛ አንድ ጥምር ቃል ነው፤ ሲነጠል «ሪያል» ብቻውን ቆሞ የማድሪዱን «ሪያል» ይመስላል፤ ያ ደግሞ ከ«ሬክስ» የመጣ ሌላ ቃል፣ «ንጉሣዊ» ማለት ነው። በጽሑፍዎ መጀመሪያ ሲያነሡት «የገሃድ ፖለቲካ» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሂድ።